ፓዣም ፖሪ፦ የማላባር ሙዝ ከቤተ መቅደስ እስከ ሻይ ቤት

ከሕንድ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ምዕራብ ጋት የሚባለው የተራራ ሰንሰለት በምሥራቅ፣ የዐረብ ባሕር በምዕራብ ይዘውት በረጅሙ በተዘረጋው በኬረላ ምድር፣ ፀሐይ ከቀትር አዘንብላ ወደ ዐሥር ሰዓት ሲቃረብ፣ ከትልቁ ከተማ አንሥቶ እስከ ትንሹ የመንገድ ዳር መንደር ድረስ ባሉት ሻይ ቤቶች ሁሉ የዘይት ድስት ይጣዳል፤ በዘይቱም ውስጥ እርድ ያቀለመው የፉርኖ ሊጥ የለበሰ፣ በቁመቱ የተሰነጠቀ የበሰለ ሙዝ ይጠበሳል። ይህን ጥብስ የሰሜኑና የመካከሉ ሰዎች ፓዣም ፖሪ፣ ቀድሞ የትራቫንኮር መንግሥት በነበረው በደቡቡ ክፍል የሚኖሩት ደግሞ ኤታካ አፓም ይሉታል። በአዲስ አበባ ሻይ ቤቶች መስታወት ውስጥ ቦምቦሊኖና ፓስቲ የያዙትን ቦታ በዚያ አገር የያዘው እርሱ ነው ቢባል፣ አይቶት ለማያውቅ ሰው በቂ ግምት ይሰጣል።

ስለ ምግብ የሚጽፉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያነሡ ከዱቄቱ መጠንና ከዘይቱ ሙቀት ዐልፈው እምብዛም አይሄዱም። እኔ ግን በዚህ ጥብስ ታሪክ ውስጥ ከምድጃው ይልቅ የሻይ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ብዙ የሚናገር ይመስለኛል፤ ፍሬው ጥንታዊ፣ ለቤተ መቅደስና ለባለርስት የሚቀርብ ገጸ በረከት ሆኖ ሳለ፣ ጥብሱ ግን አብረው እንዳይበሉ በሕገ ልማድ ተለያይተው ለኖሩ ሰዎች ከአንድ ድስት እየወጣ በአንድ አግዳሚ ላይ የቀረበ የቅርብ ዘመን ምግብ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሙዝ ከብዙ ሺህ ዓመት ጀምሮ በሕንድ የሚታወቅ ተክል ቢሆንም የመጀመሪያ አገሩ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ይርቃል። ሊቃውንተ ዕፀዋት የሰው ልጅ ሙዝን መጀመሪያ ተክሎ ያለማው በኒው ጊኒ ደሴትና ከእርስዋ ጋር በሚጎራበቱት የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮች እንደ ሆነ ይመሰክራሉ፤ በኒው ጊኒ ደጋ፣ ኩክ በሚባለው ረግረግ፣ ከ6,500 ዓመት በፊት ሙዝ ይተከል እንደ ነበረ ምልክቱ ከመሬት ውስጥ ተቈፍሮ ተገኝቷል። ይህ ተክል ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከሌላ የዱር ወገኑ ጋር ተዳቅሎ፣ ፍሬው ረጅምና ማዕዘን ያለው፣ ሥጋው ጠንካራ፣ ጥሬውን ከመብላት ይልቅ ማብሰል የሚስማማው ዘር ተገኘ። ኬረላ ኔንድራን እያለ የሚያከብረው ሙዝ የዚህ ወገን ነው። የአርባ ምንጩ ሙዝ፣ እኛ በየገበያው የምናውቀው፣ ተልጦ ወዲያው የሚበላ ለስላሳ ፍሬ ስለ ሆነ ከኔንድራን ጋር በስም እንጂ በጠባይ እምብዛም አይገናኝም፤ ኔንድራን አረንጓዴ ሳለ እንደ ድንች ከወጥ ይገባል፣ ስሱ ሆኖ ተከትፎም በዘይት ይደርቃል፤ በስሎ ቆዳው ጥቁር ነጠብጣብ ሲያወጣ ብቻ ለጣፋጭ ምግብ ይፈለጋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን የዚህ ቤተ ሰብ አባል ሌላ ነው፤ ይኸውም እንሰት ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ደርሶ የተመለሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ሥዕሉን አስሎ በመጽሐፉ ያተመው እንሰት፣ መልኩ ሙዝ ቢመስልም፣ ለሰው የሚሰጠው ግንዱንና ሥሩን እንጂ ፍሬውን አይደለም፤ ከእርሱም ቆጮና ቡላ ይገኛል። አንዱ ፍሬውን፣ ሌላው ሰውነቱን ለምግብ የሚሰጡ ሁለት ወንድማማች ዕፀዋት፣ አንዱ በባሕር ማዶ፣ ሌላው በእኛ ደጋ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሕዝብ ሥርዓተ ማዕድ መሠረት ሆነው መኖራቸው የሚያስደንቅ ነው። የመካከለኛው ዘመን ክርስቲያኖችና ሙስሊሞችማ የሙዝ ቅጠል አዳምንና ሔዋንን ሊሸፍን እንደሚችል አይተው፣ የገነት ዛፍ ይህ ነበረ እስከ ማለት ደርሰው ነበር፤ ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔዎስም በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ለተክሉ በላቲን ቋንቋ የገነትን ስም ሰጥቶታል። የትርጓሜ ሊቃውንቶቻችን በለስን ትተው ሙዝን ይቀበላሉ ብዬ አላስብም።

ቅጠሉን ካነሣን ዘንድ፣ የኬረላን የማዕድ ሥርዓት ከፍሬው ይልቅ አጥርቶ የሚያሳየው ቅጠሉ ነው። በእኛ አገር ኮባ የድፎ ዳቦ መጠቅለያ እንደ ሆነ፣ በዚያ አገር የሙዝ ቅጠል የግብዣ ገበታ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ማላባር በሚባለው በዚሁ በኬረላ ጠረፍ ያለፈው የታንጀው ሰው ኢብን ባጡጣ እንደ ጻፈው፣ የአገሩ ሰዎች ሙስሊም እንግዳን ወደ ቤታቸው አያስገቡም፣ በዕቃቸውም አያበሉም ነበር፤ በዕቃቸው የበላ ቢኖር ዕቃውን ይሰብሩታል ወይም ለሙስሊሞች ይሰጡታል፤ የሃይማኖት ወገኑ በሌለበት መንደር የደረሰ መንገደኛ ግን ምግቡ ተዘጋጅቶ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርብለታል፣ የተረፈውንም ውሾችና ወፎች ይበሉታል። ቅጠል ከተበላበት በኋላ የሚጣል ስለ ሆነ የሌላውን እጅ አይሸከምም፤ ስለዚህም ለንጽሕናና ለርኵሰት ሕግ እጅግ የተመቸ ገበታ ነበረ።

ሕጉ በባዕድ ላይ ብቻ የተደነገገ አልነበረም። ናምቡዲሪ የሚባሉት ብራህማኖች በላይ፣ ከእነርሱ ቀጥሎ ናይር የሚባሉት ባለርስቶችና ወታደሮች፣ ዝቅ ብለው ከኮኮናት ዛፍ ላይ መጠጥ እየቀዱ የሚሸጡት ኤዣቫዎች፣ ከሁሉም በታች በሩዝ እርሻ ጭቃ ውስጥ የሚደክሙት ፑላያዎች ሆነው፣ ከበላይ ያለው እንዳይረክስ የበታቹ በእርምጃ በተለካ ርቀት እንዲቆም ይገደድ ነበር። አብሮ መብላት ይቅርና በአንድ መንገድ አብሮ መሄድ ያልተፈቀደበት አገር ነበረ።

በእንዲህ ያለ አገር ኔንድራን የክብር ፍሬ ሆኖ ኖረ። ከተተከለ ዐሥር ወር ገደማ ሲሆነው ዘለላው ይደርሳል፤ ገበሬውም አስልቶ የሚተክለው፣ ከእኛ ዘመን መለወጫ አጠገብ በነሐሴና በመስከረም መካከል ለሚውለው ለኦናም በዓል እንዲደርስለት ነው። ኦናም፣ ማሃባሊ የተባለው ደግ ንጉሥ በዓመት አንድ ቀን ሕዝቡን ሊጎበኝ ይመለሳል ተብሎ የሚከበር በዓል ነው፤ በትውፊቱ እንደሚባለው በእርሱ ዘመን ሰው ሁሉ እኩል ነበረና። (የበዓሉን ታሪክ ከበዓሉ አከባበር ጋር አስተያይቶ ፈገግ ያላለ ሰው ይኖራል ብዬ አላምንም፤ በእኩልነት ዘመን መታሰቢያ ላይ ጭሰኛው ምርጡን የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ ለባለርስቱ ደጅ ሲጠና ኖሯልና።) በበዓሉም ዋዜማ ምእመናኑ ወርቅ የመሰለ ብጫ ዘለላ እየመረጡ ወደ ጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ያመጣሉ፤ በአምላካቸው በክሪሽና ፊት፣ በሰንደቁ ምሰሶ ሥርም ይደረድሩታል። ይህ ሥርዓት ዛሬም አልቀረም።

ከዚህ ፍሬ የሚሠሩት የጥንቱ ጣፋጮች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም ብቆጥር ጽሑፉ የወጥ ቤት መዝገብ ይሆንብኛል። ነገር ግን አንድ የጋራ ጠባይ ስላላቸው ጥቂቶቹን ማንሣት ግድ ነው። ኡኒያፓም የሚባለው የተፈጨ ሩዝ፣ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳርና የበሰለ ሙዝ አንድ ላይ ተለውሶ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ምጣድ ውስጥ የሚጠበስ ክብ ኬክ ነው፤ በኮታራካራ ያለው የጋኔሻ ቤተ መቅደስ ይህን ለምእመናኑ የሚያድል በመሆኑ በመላው ኬረላ ይታወቃል። በሰሜን ማላባር ያሉት ማፒላ የሚባሉ ሙስሊሞች ደግሞ የተቀቀለውን ሙዝ አድቅቀው፣ በውስጡ ኮኮናት፣ ስኳርና ዘቢብ ሞልተው፣ ሁለት ጫፉን አሹለው ይጠብሱና በረመዳን ማታ ያቀርቡታል፤ ስሙም ኡናካያ ነው። በእነዚህ ጣፋጮች በብዛት የሚገቡት ሩዝ፣ ኮኮናትና ሸንኮራ ናቸው፤ ሦስቱም የአገሩ ምድር የሚያበቅላቸው ናቸው። ስንዴ የለም። የፓዣም ፖሪን ዕድሜ መገመት የሚቻለው ከዚህ ላይ ነው፤ ሙዙና የኮኮናት ዘይቱ የጥንት ሲሆኑ ልብሱ ግን ኬረላ ከማታበቅለው እህል የተሠራ ነው።

በ17ኛው መቶ ዓመት፣ ኮቺን በሆላንዶች እጅ በነበረችበት ጊዜ፣ ሄንድሪክ ቫን ሬዴ የተባለው አገረ ገዥ የማላባርን ዕፀዋት አስሎ፣ ከ1678 እስከ 1693 ድረስ በአምስተርዳም ዐሥራ ሁለት ታላላቅ ጥራዞች እንዲታተሙ አድርጓል፤ ሙዝም በመጀመሪያው ጥራዝ ውስጥ ይገኛል። ለዚህ ሥራ ዋናውን ዕውቀት የሰጠው ኢቲ አቹዳን የተባለ ባለመድኃኒት ሲሆን፣ ወገኑ ኤዣቫ ነበረ። የምስክር ቃሉም በመጽሐፉ መግቢያ ላይ በአገሩ ፊደል ታትሟል። በአምስተርዳም መጽሐፍ ላይ ስሙ በክብር የተጻፈለት ሰው፣ በገዛ አገሩ የብራህማን ጉድጓድ አጠገብ መድረስ የማይፈቀድለት ሰው ነበረ፤ የወገኖቹም ዕጣ ከእርሱ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል አልተለወጠም።

ለውጡ የመጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። ከኤዣቫዎች ወገን የተነሣው መናኝ ናራያና ጉሩ፣ በ1856 ተወልዶ በ1928 ያረፈው፣ ለሰው ሁሉ አንድ ዘር፣ አንድ ሃይማኖት፣ አንድ አምላክ መኖሩን ሲያስተምር፣ ከፑላያዎች ወገን የተነሣው አያንካሊ ደግሞ በ1893 ለወገኖቹ በተከለከለው መንገድ በበሬ በሚሳብ ሠረገላ ላይ ተቀምጦ አልፏል። ስለ ማዕድ ከተነሣን ግን ከሁሉ የሚበልጠው ቀን በ1917 በቼራይ መንደር የዋለው ነው። የናራያና ጉሩ ደቀ መዝሙር አያፓን፣ ኤዣቫዎችንና ፑላያዎችን ባንድ አስቀምጦ ባንድ ማዕድ አበላ፤ ከብራህማኖች ይልቅ የተቈጡትም የገዛ ወገኖቹ ኤዣቫዎች ነበሩ፤ ሊያዋርዱትም ፑላያ አያፓን የሚል ስም አወጡለት። እርሱ ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀበለው።

ከዚያ በኋላ በ1924 የቫይኮም ቤተ መቅደስ ዙሪያ መንገድ ለሁሉ እንዲከፈት ሰልፍ ተጀምሮ እስከ 1925 ቆየ። ጋንዲ ራሱ ሊያስታርቅ መጥቶ ኢንዳንቱሩቲል ከተባለው የናምቡዲሪ ባለርስት ቤት ቢደርስ፣ ብራህማን አይደለምና ወደ ውስጥ ሳይገባ በበረንዳው ተቀምጦ እንዲነጋገር ተደረገ። ያ ቤት ዛሬ ከዛፍ ላይ መጠጥ የሚቀዱ ሠራተኞች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ነው፤ ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ቀልድ ያውቃል። በ1936 ኅዳር ወር የትራቫንኮሩ ንጉሥ ቺቲራ ቲሩናል ቤተ መቅደሶቹን ለሂንዱ ወገን ሁሉ የሚከፍት ዐዋጅ አወጣ። ዐዋጁ የመቅደስን በር ከፈተ፤ የማዕድን በር የከፈተው ግን ሌላ ነገር፣ ማንም ያልጠበቀው ሻይ ነበር።

ሻይ ለኬረላ ባዕድ ነው። እንግሊዞች በ1877 የሙናርን ከፍተኛ ተራራዎች ከፑንጃር ባላባት በውል ይዘው፣ በ1880 የመጀመሪያውን ሻይ ተከሉ፤ ቅጠሉ ግን ለለንደን ገበያ የሚላክ እንጂ የአገሩ ሰው የሚጠጣው አልነበረም። በ1903 በወጣው ሕግ ወደ ውጭ ከሚላከው ሻይ ላይ ጥቂት ቀረጥ እየተነሣ ሻይን ለማስተዋወቅ እንዲውል ተወሰነ፤ በ1930ዎቹም የዓለም ንግድ ወድቆ ሻዩ በመጋዘን በተከማቸ ጊዜ ነጋዴዎቹ ፊታቸውን ወደ ሕንድ ሕዝብ መልሰው በየገበያው እያፈሉ በነጻ ያስቀምሱት ጀመር። ያን ጊዜ ነው በኬረላ መንገድ ዳር ሁሉ የዘንባባ ቅጠል ክዳን ያላቸው ሻይ ቤቶች የበዙት። ሳሞቫሩ ከጠዋት ጀምሮ ይንፈቀፈቃል፤ ባለቤቱ ሻዩን ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ከፍ አድርጎ እየቀዳ አረፋ ያወጣለታል፤ በመስታወቱ ቁም ሣጥን ውስጥ የተጠበሰው ሁሉ ይደረደራል፤ ማንበብ የሚችለው ሰው ጋዜጣውን ለማይችሉት ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል።

ሻይ ቤቶቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው የእኩልነት አዳራሽ ነበሩ ማለት ግን ሐሰት ይሆናል። በመጀመሪያው ዘመን የበታች ተብለው የተቈጠሩት ከውጭ ቆመው በኮኮናት ቅርፊት ይጠጡ ነበር፤ ብርጭቆው ለእነርሱ አይሰጥም ነበር። ነገር ግን ሻይ ቤት የሚተዳደረው በገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ከማን እጅ እንደ መጣ አይጠይቅም። አንድ ሳንቲም የከፈለ ሁሉ አንድ ብርጭቆና አንድ ቁራሽ የተጠበሰ ሙዝ ይገባዋል የሚለው ሐሳብ ቀስ በቀስ ሥር ሰደደ፤ ከመቅደሱ ዐዋጅ በኋላም የኮኮናቱ ቅርፊት እየቀረ ሄደ። በ1957 ሚያዝያ ኬረላ በምርጫ የኮሚኒስት መንግሥት ባቆመች ጊዜ ክርክሩ የተሟሟቀው በሻይ ቤት አግዳሚ ላይ ነበር ይባላል፤ እኔም አምናለሁ፣ ብዙ ባለቤቶች ጠቡ ሲሰለቻቸው «ፖለቲካ መናገር ክልክል ነው» የሚል ሠሌዳ እስከ መስቀል ደርሰዋልና። ሠሌዳው የሚሰቀለው የሚናገር ሰው ባለበት ቤት ነው።

ፉርኖው ዱቄት ወደዚህ ቤት የገባው በመከራ ዘመን ነው። ትራቫንኮርና ኮቺን ራሳቸውን በሩዝ መመገብ አይችሉም ነበርና ከበርማ በመርከብ ያስመጡ ነበር፤ በ1942 ጃፓኖች በርማን በያዙ ጊዜ መርከቡ ቆመ፣ ረኀብም ሆነ። ሕዝቡ ፊቱን ወደ ካሳቫ መለሰ፤ መንግሥትም እህሉን በካርድ ማደል ጀመረ፤ ሩዝ በታጣበትም ስንዴ ገባ። ከ1956 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ስንዴ በስምምነት በብዛት ወደ ሕንድ ይጎርፍ ነበር። የሩዝ ጣፋጭ ሩዙን መዘፍዘፍ፣ መውቀጥና መንፋት ይፈልጋል፤ ነጭ ዱቄት ግን ውሃ ሲነካው ወዲያው ሊጥ ነው። ለቸኮለ ባለሻይ ቤት ከዚህ የሚሻል ምን አለ? ከዚህም በላይ የበሰለው ሙዝ ሳይሸጥ ቢያድር ነገ አይፈለግም፤ ሊጥ አልብሶ መጥበስ ግን ያን ቀን ያድነዋል። ለእኔ እንደሚመስለኝ የፓዣም ፖሪ ልደት በምርቃት ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ቁጠባ ላይ የተመሠረተ ነው። በኋላም ቡና ቤቶቹ ሳይቀሩ፣ በ1958 ሠራተኞቹ ራሳቸው በማኅበር ያቋቋሙትን የትሪሹሩን የኢንዲያን ኮፊ ሃውስ ጨምሮ፣ የከሰዓት በኋላውን ቁርስ ሥርዓት አጸኑት። ከዚያ ወደ ቤት ገባ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናቶች የሚያቀርቡት ሆነ።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ የምንጠላለፍበት ክር አለን፤ ቀጭን ቢሆንም ረጅም ነው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የባሕረ ኤርትራ መንገድ መጽሐፍ አዱሊስንና የማላባሩን ወደብ ሙዚሪስን ሁለቱንም ያነሣቸዋል፤ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ የነበረው ነጋዴ ኮስማስም ቁንዶ በርበሬ በሚበቅልበት በማላባር አገር ክርስቲያኖች እንዳሉ ጽፏል። እነዚህ ክርስቲያኖች ሐዋርያው ቶማስ በ52 ዓመት ወደ እነርሱ መጥቶ እንዳስተማራቸው ያምናሉ። እንደ እኛም ከፖርቱጋል በመጡ ካህናት ተፈትነዋል፤ በ1599 በዲያምፐር የተደረገው ጉባኤ ወደ ሮም ሥርዓት ሊያስገባቸው ቢሞክርም፣ በ1653 በማታንቼሪ ገመድ ይዘው ምለው ተለዩ፤ ይህም ዐፄ ፋሲል በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት ከመለሰ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ከእነዚህ ወገኖች መካከል የሆኑት፣ በኋላ ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ ተብለው ጳጳስ የሆኑት ሊቅ፣ ከ1947 እስከ 1950 በኢትዮጵያ መምህር ሆነው አማርኛ ተምረዋል፤ በ1956 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሕንድን ከጎበኙ በኋላም ተመልሰው በንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ አገልግለዋል። በ1965 የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት አለቆች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ የእነዚሁ የኬረላ ክርስቲያኖች አለቃ፣ የማላንካራው ካቶሊኮስ ተገኝተዋል። ከዚህም ሌላ በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ብዙዎቹ የሕንድ መምህራን የኬረላ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም የቶማስ ክርስቲያን የሆነው ጥቂት አልነበረም።

የቶማስ ክርስቲያኖችም እንደ እኛ በጾም ጊዜ ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት አይበሉም። ፓዣም ፖሪ ከእነዚህ አንዱ የሌለበት ስለ ሆነ ለጾም የተመቸ ነው፤ ጣፋጭ ስለ ሆነ ብቻ የጾም ጠላት ነው የሚል ቢኖር ግን ከእርሱ ጋር አልከራከርም። ዛሬ ምግቡ ከኬረላ ሰዎች ጋር ወደ ዐረብ አገሮች ተሻግሯል፤ በዱባይና በአቡ ዳቢ ያሉ የኬረላ ሰዎች ሻይ ቤቶች ሙዝ ጥብስ ይሸጣሉ፣ በዚያ የሚሠሩ የእኛ አገር ወንዶችና ሴቶችም በቤቱ ደጃፍ ያልፋሉ። በራሱ አገር የተሰጠው ክብርስ? በ2020 መጀመሪያ የሕንድ ባቡር የምግብ ክፍል በኬረላ ጣቢያዎች ይሸጡ ከነበሩት ምግቦች ፓዣም ፖሪንና ሌሎችን ሲያስወጣ፣ ሕዝቡና እንደራሴዎቹ ጮኹ፤ መሥሪያ ቤቱም ብዙ ሳይቆይ መለሰው። ለአንድ ቁራሽ ጥብስ የሕዝብ እንደራሴ ደብዳቤ ሲጽፍ መስማት ያስቃል፤ ነገር ግን ያ ቁራሽ ምን ያህል የአገር ሆኖ እንደ ቆየ ይነግራል።

በቤት ለመሥራት ለሚሻ፣ የኬረላ እናቶች የሚሄዱበት መንገድ ይህ ነው። ሙዙ ቆዳው ብጫ ሆኖ ጥቁር ነጥብ የጀመረው፣ ነገር ግን ሲጨብጡት ጠንከር ያለው መሆን አለበት፤ ያልበሰለው አይጣፍጥም፣ ከልክ በላይ የበሰለው ደግሞ በዘይት ውስጥ ይፈርሳል። ይላጥና በመካከሉ ለሁለት ተቈርጦ፣ እያንዳንዱ ግማሽ በቁመቱ ሦስት ወይም አራት ቦታ ይሰነጠቃል። ሊጡ ፉርኖ ዱቄት፣ ጥቂት የሩዝ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቁንጥር ጨውና እርድ ሆኖ በውሃ ይበጠበጣል፤ የሩዙ ዱቄት የተጨመረው ሲነከስ እንዲሰነጣጠቅ ነው፣ አንዳንድ ቤት ጥቁር ሰሊጥ ወይም ከሙን ጣል ያደርጋል። ውፍረቱ ሙዙን ከላይ ሳያንጠባጥብ የሚያለብስ ያህል ይሁን። ዘይቱ የኮኮናት ሲሆን፣ አንዲት ጠብታ ሊጥ ስትገባ ወዲያው ብቅ ስትል ደርሷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እሳቱ ይቀንሳል፣ አለዚያ ውጭው ጠቁሮ ውስጡ ሳይሞቅ ይቀራል።

በእኛ አገር ኔንድራን ስለማይገኝ የአርባ ምንጩን ሙዝ ለመጠቀም የሚሻ ሰው ገና ሳይበስል፣ አረንጓዴው ከጠፋ ጥቂት በኋላ ይምረጠው፣ በወፍራሙም ይሰንጥቀው፤ ሊጡንም ከኬረላው ትንሽ ያወፍረው፣ ለስላሳውን ሙዝ የሚይዘው እርሱ ነውና። የኮኮናት ዘይት ባይገኝ የሱፍ ዘይት ይበቃል። የኑግ ዘይት ግን አይሆንም፤ ለወጥ የሚያምረው ሽታው በሙዝ ላይ ሲመጣ ፍሬውን ይጫነዋል።